የማክሰኞው ውሃ

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ነገሩ ካለፈ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። ባሌ ሙሄ "አንች ሴትዮ፣ ያለፈውን ማላመጥ አይሰለችሽም?" ይለኛል። አይሰለቸኝም። እናንተም ስታነቡ፣ አንዲት የተበደለች ምስኪን ታሪኳን ልትነግረን ነው ብላችሁ እንዳትጀምሩ። ተበድዬ ገባሁ፣ በድዬ ወጣሁ። ከሁሉ የሚያበግነኝም ይኸው ነው።

ስሜ ሰዓዳ ነው። የምንኖረው ሀብሩ ውስጥ፣ ከመርሳ ብዙም ሳይርቅ ነው። ከወንዙ በተጠለፈው ቦይ ግርጌ ሩብ ሄክታር የምትሆን ማሳ አለችን፤ በበጋ ሽንኩርት እንተክልባታለን። የእኛን አገር መስኖ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ላስረዳ። ቦዩ አንድ ነው፣ ማሳው ብዙ ነው፤ ስለዚህ ውሃ የሚጠጣው በተራ ነው። የእኛ ተራ ቅዳሜ፣ ከንጋት እስከ ቀትር ስድስት ሰዓት ነው። ቀትር ሲሆን የማሳችንን በር በአፈር ጆንያ ደፍነን ውሃውን ለሚቀጥለው ሰው እንለቃለን፤ ከዚያ እስከ ሌላው ቅዳሜ ጠብታ የለም። ሽንኩርት ራስ መቋጠር ሲጀምር አንድ ቅዳሜ ካመለጠው ይጠወልጋል። ሁለት ካመለጠው ብይ አክሎ ይቀራል። ሦስት ካመለጠው የፍየል ቀለብ ነው። የእኛ ቤት ዓመቱን ሙሉ የሚበላው፣ ልጃችን ወልድያ ቤት ተከራይታ የምትማረው በዚያ ሽንኩርት ነው።

ካገባሁ በኋላ ሦስት ዓመት ሐራ ሄጄ በባቡር መንገዱ ካምፕ ኩሽና ውስጥ ሠርቻለሁ። ዋናው ወጥ ሠሪ ከባሕር ማዶ የመጣ ሽበታም ሰው ነበር፤ ሁላችንም ኡስታ እንለዋለን። ድስቱ ታጥቦ እረፍት ስንሆን በባቄላ ፍሬ ፖከር የሚሉትን የካርታ ጨዋታ ያጫውተናል። የኡስታ አማርኛ ከሃምሳ ቃል አያልፍም፤ "ሰዓዳ፣ የማታይውን ቁጠሪ!" የምትለዋን ግን አጥርቶ ይላታል። እጅሽ ላይ ያለውንማ ማንም ያየዋል፣ ቁም ነገሩ እጅሽ ላይ የሌለውን መቁጠር ነው ማለቱ ነው። ቆጠርኩ፣ ተማርኩ፣ አሸነፍኩ። እዚያ ኩሽና ውስጥ ከእኔ ጋር ለባቄላ የሚፎካከር አልነበረም።

ሥራው ሲቆም አንድ ብርድ ልብስ፣ ሁለት ትልልቅ ድስትና ፖከር ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ሙሄን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ክረምት ዝናብ ቤት ባዋለን ቀን፣ እየሳቅን። እሱ ደግሞ መርሳ መቃሚያ ቤት ወስዶ ለጓደኞቹ አስተማረ። ያ ጨዋታ እኛ ሰፈር የገባው በእኔ ጓዳ በኩል ነው። ይህን ያዙልኝ።

ቁማር ሐራም ነው። የመቃሚያ ቤቱ ሰዎች ይህን ያውቃሉ፤ ጁምዓ የማያመልጣቸው ሰዎች ናቸው። ታዲያ ምን አደረጉ መሰላችሁ? "ብር ካልተያዘበት ቁማር አይባልም፣ ጨዋታ ነው" ተባባሉና በበቆሎ ፍሬ መጫወት ጀመሩ። ባዶ ፍሬ ሲሰለቻቸው ለፍሬው ስም አወጡለት፤ አንድ ፍሬ፣ አንድ ሰዓት ውሃ። እጃችን በብር እንዳይረክስ ብለው ውሃ አስያዙ! መሬት ያለው ሰው ሁሉ የተራ ሰዓቱን በበቆሎ ፍሬ ፍራሽ ላይ ይበትን ጀመር። ወላሂ ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል።

አንድ ሐሙስ ቀን ሙሄ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ከመቃሚያ ቤት መጣ። በጊዜ መምጣቱ ራሱ አልጣመኝም።

"ምን ሆንክ?"

"ምንም።"

"ምንም ያልሆነ ሰው በጭቃ ጫማ ምንጣፍ ላይ አይቆምም።"

ጫማውን አየው። አላወለቀውም።

"ለቅዳሜ ውሃ የለንም" አለኝ።

"ቦዩ ፈረሰ?"

"አልፈረሰም።"

"እና?"

"የሚቀጥለው ቅዳሜም የለንም። ሁለቱንም ከማል ወሰደው።"

ከማል የሽንኩርት ደላላ ነው። ከውርጌሳ እስከ ወልድያ ሽንኩርት የሚጫነው እሱ ስልክ ሲደውል ነው። ከእኛ ማሳ ዝቅ ብሎ የእሱም ማሳ አለ፤ ዶማ ይዞ ያየው ሰው ግን የለም። ማሳውን በእኩል የሚያለሙለት እትዬ ዘሀራ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። መሬቱ የእሱ፣ ጉልበቱ የእሳቸው፣ ምርቱ እኩል። የዚያ ማሳ ተራ ማክሰኞ ነው። እትዬ ዘሀራን ከቦዩ ዳር ሰላም ከመባባል ያለፈ ብዙ አላውቃቸውም ነበር።

"አሥራ ሁለት ሰዓት ውሃ!" ብዬ ጮህኩ። "ሽንኩርቱ ራስ እየቋጠረ! አንተ ሰው ጤነኛ ነህ?"

"ከማል ጠቅላላ አለኝ" አለ ሙሄ። ጠቅላላ ማለት በእነሱ ጨዋታ ያለኝን ሁሉ አስይዣለሁ ማለት ነው፤ ያኛው ወይ ያለውን ሁሉ አስይዞ ይገጥማል ወይ ካርታውን ጥሎ ይሸሻል። "ምን ላድርግ? ሰው ሁሉ እያየ ልሽሽ?"

"አዎ ሽሽ! ሮጠህ ና! ማን ከለከለህ?"

"ወንድ ልጅ ነኝ ሰዓዳ።"

ያ ቃል ነው ያነደደኝ። የእኔና የልጄ ጉሮሮ በእሱ ወንድነት ተያዘ ማለት ነው። ነጠላዬን ከግድግዳ ላይ መንጭቄ ወጣሁ።

አሁን ተረጋግቼ ሳስበው መሄድ የነበረብኝ ወደ ጋሼ ይመር ነበር። ጋሼ ይመር የቦዩ የውሃ አባት ናቸው፤ ተራ የሚደለድሉትም፣ የተጣላ የሚያስታርቁትም እሳቸው ናቸው። ቤታቸው በመንገዴ ላይ ነው፤ በደጃቸው አለፍኩ። በራቸው ክፍት ነበር። ለምን አልገባሁም? አፍሬ ነው። "ይህን ጨዋታ ማን አመጣው?" ብለው እንደሚጠይቁኝ አውቅ ነበር። በዚያ ላይ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዳኝነት አልፈለግኩም። ከማልን በገዛ እጄ ማንኮታኮት ነው የፈለግኩት።

መቃሚያ ቤቱ አስፋልቱ ዳር ነው። የደሴና የወልድያ ሚኒባሶች በበሩ ላይ ያልፋሉ። ውስጡ ሰባት ስምንት ወንዶች ፍራሽ ላይ ተደግፈዋል፤ መሐላቸው የሻይ ፔርሙዝ፣ ለውዝና የጫት ገረባ። ከማል ጥግ ላይ ነው፤ ፊቱ የበቆሎ ፍሬ በሳህን አለ። እኔን ሲያይ ፈገግ አለ።

"ኧረ መምህራችን መጣች! ቦታ ልቀቁላት እንጅ።"

"የቅዳሜ ውሃዬን መልስ" አልኩት።

"አንች፣ እኔ ሰረቅሁት እንዴ? ባልሽን ጠይቂው። በጨዋታ ነው የወሰድሁት።"

"እንግዲያው በጨዋታ እወስደዋለሁ።"

ሴት እዚያ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። አንዱ "ተይ ሰዓዳ፣ ነውር ነው" አለ። ነውር! ውሃ ሲያስይዙ ያልታየው ነውር የእኔ መቀመጥ ላይ ታየ። ጫማዬን አውልቄ ከማል ፊት ቁጭ አልኩ።

"ምን ታስይዣለሽ?" አለኝ።

"ሦስተኛውን ቅዳሜ።"

ሙሄ ተከትሎኝ ኖሮ በሩ ላይ ቆሟል። "ሰዓዳ!" አለ። አልዞርኩም። ከማል ከከረጢት ስድስት ፍሬ ቆጥሮ ሰጠኝ። እሱ ጋ የሙሄ አሥራ ሁለት አለ።

ጨዋታው ቀላል ነው። ለእያንዳንዳችን አምስት ካርታ ይታደላል። አንድ አንድ ፍሬ መግቢያ መሐል እናስቀምጣለን። የፈለገ ውርርዱን ይጨምራል፤ ከዚያ ያልተመቸንን ካርታ አንዴ ብቻ እንቀይራለን፤ በመጨረሻ እንተያያለን። ከማል ድፍረት እንጂ ቁጥር አያውቅም፤ እኔ ደግሞ ኡስታ ያሰለጠነኝ ሰው ነኝ። መጥፎ ካርታ ሲመጣብኝ በአንድ ፍሬ እሸሻለሁ፣ ጥሩ ሲመጣልኝ ቀስ እያልኩ አስጨምረዋለሁ። የዐስር ሶላት ተቃርቦ ነበር፤ ያኔ እኔ ጋ አሥራ ሁለት፣ እሱ ጋ ስድስት ቀረ። ያስያዝኩትም በእጄ ነው፣ አንዱንም ቅዳሜ መልሻለሁ። ከማል መቃም አቆመ። ሰዎቹም ከትራሳቸው ቀና ቀና አሉ።

"የሚመጣው ቅዳሜ የእኔ ነው፤ የቀረው ያኛው ነው" አልኩት።

"እሱንም ውሰጅዋ" አለና ካርታውን አደለ።

አነሳሁት። አራቱ ቀይ ልብ፣ አንዱ የማይረባ ጥቁር ዘጠኝ። ለማያውቅ ሰው፤ አምስቱም ካርታ አንድ ዓይነት ከሆነ ብዙውን ነገር ይመታል፤ አራት ብቻ ከሆነ ግን ምንም አይደለም። ዘጠኙን ጥዬ በምትኩ ቀይ ልብ ካልመጣልኝ ባዶ ነኝ።

ከማል የራሱን አየ። ሁለቴ አየ። ከዚያ ፊቱ ያለውን አምስት ፍሬ ወደ መሐል ገፋ፤ እጁን ወደ ከረጢቱ ሰድዶ ስድስት ሌላ ቆጠረና ጨመረበት።

"ጠቅላላ!"

"እነዚህ ስድስቱ ከየት መጡ?"

"ከራሴ ማሳ። የማክሰኞው ተራዬ። አንች ጋ አሥራ አንድ አለ፣ እኔም አሥራ አንድ አስይዣለሁ። ግጠሚ ወይ ሽሺ።"

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ እኔም ያኔ ቆሜያለሁ።

የማላየውን ቆጠርኩ። ካርታው ሃምሳ ሁለት ነው፤ አምስቱን አያለሁ፣ አርባ ሰባቱን አላይም። ከማላየው ውስጥ ዘጠኝ ቀይ ልብ አለ። ከአምስት አንዴ እንኳ አይሞላም። ኡስታ አጠገቤ ቢኖር ጭንቅላቴን በማንኪያ ይመታኝ ነበር። ከሸሸሁ አሥራ አንድ ፍሬ ይዤ እነሳለሁ፤ የሚመጣው ቅዳሜ አንድ ሰዓት ጎድሎት የእኔ ነው፣ ሦስተኛውም የእኔ ነው፣ መሐል ላይ አንዱ ብቻ ያመልጠኛል። ሽንኩርቱ ይጠወልጋል እንጂ አይሞትም። ገጥሜ ከተሸነፍኩ ሦስት ቅዳሜ ሄደ፤ ዓመታችን ለፍየል ተሰጠ።

ካሸነፍኩስ? ካሸነፍኩ የእኔ ሁሉ ይመለሳል፣ በላዩ ላይ የማክሰኞ ውሃ።

የማክሰኞ ውሃ ሲል የእትዬ ዘሀራ ፊት መጣብኝ። አልመጣብኝም ብዬ ብጽፍ ማን ይመሰክርብኛል? ግን መጣብኝ። ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው ቲማቲም መሐል ያጎነበሱ ሆነው መጡብኝ። ከማል ያስያዘው የራሱን ጥም አይደለም፤ የእሳቸውን ነው። አውቄዋለሁ።

"ሰዓዳ፣ በአላህ ተይው" አለ ሙሄ ከበሩ። "የቅዳሜውን አግኝተሻል። ተነሽ እንሂድ።"

ልክ ነበር። በዚያ ቀን ከአፉ የወጣ ብቸኛው ልክ ነገር ይህ ነው፤ እሱ ስላለው ደግሞ አልዋጥልሽ አለኝ። አንተ ጠቅላላ ስትባል ያልሸሸኸውን እኔ ልሽሽልህ? ብዬ በሆዴ ተሳደብኩ። ቢሆንም እጄ ላላ። ካርታውን ልጥል ወደ ፍራሹ ዝቅ አድርጌ ነበር።

ከማል አየኝ። ሳቀና ከሳህኑ አጠገብ ከወደቁት ፍሬዎች አንዱን በሁለት ጣቱ አንስቶ ቀሚሴ ላይ ወረወረው።

"እንኪ፣ ይቺ ለሽንኩርትሽ። ሰደቃ ናት።"

ሁሉም ሳቀ። ፍሬዋ ጭኔ ላይ ናት። ከመቃሚያ ቤቱ ሳቅ ይልቅ የማስታውሰው የጆሮዬን ግለት ነው። ያኔ ኡስታም፣ ሽንኩርቱም፣ ልጄም፣ እትዬ ዘሀራም ከራሴ ውስጥ ወጡ። አሥራ አንዱን ፍሬ በክንዴ ጠርጌ መሐል ላይ ከመርኩት።

"ልይህ" አልኩት።

ሙሄ "ያ ረቢ" ብሎ ራሱን ያዘ።

ከማል ሁለት ካርታ ቀየረ። እኔ ዘጠኙን ጥዬ አንድ ወሰድኩ። ሳላየው ፍራሹ ላይ በግንባሩ ደፋሁት።

"መጀመሪያ አንተ" አልኩት።

አንድ በአንድ ዘረጋቸው። ንጉሥ፣ ንጉሥ፣ ንጉሥ። ሁለቱ ትርፍ። "ሦስት ንጉሥ!" አለና ወደ ትራሱ ተደገፈ። አራቱን ቀይ ልቤን አስቀመጥኩ። አንዱ "አራት ምን ይሠራል?" አለ። አምስተኛውን ገለበጥኩት።

የቀይ ልብ ሁለት። ከመካከላቸው ትንሿ፣ ማንም የማይፈልጋት ካርታ።

ቤቱ ተናወጠ። አንዱ ለውዙን ደፋው። ከማል ካርታዋን አንስቶ ገልብጦ አያት፣ ጀርባ ያላት አልመሰለውም መሰለኝ። እኔ ፍሬዎቹን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ተነሳሁ። የሰደቃዋን ፍሬ ሳህኑ ላይ መለስኩለት። "ለማክሰኞ ያስፈልግሃል" አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ስወጣ አስፋልቱ ላይ ፀሐይ ነበር፤ ደስታዬ ሰማይ ነክቷል። ሙሄ ከኋላዬ "ኧረ አንችስ!" እያለ ይስቃል።

ቅዳሜ ከንጋት ጀምሮ አጠጣን። ሽንኩርቱ ከሥር እስከ ጫፍ ጠጣ። እሑድና ሰኞ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ እያስቆመ "ከማልን ያስለቀስሽው አንች ነሽ?" ይለኛል፤ እኔም እኔ ነኝ እላለሁ።

ማክሰኞ ንጋት ላይ ዶማዬን ይዤ ወደ ቦዩ ወረድኩ። ለምን ሄድሽ ካላችሁኝ፣ ውሃውን ልወስድ ነው። ያሸነፍኩት ነዋ! ሽንኩርቴ በሳምንት ሁለቴ ቢጠጣ ምን ይጠላል? እንዲህ ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር።

እትዬ ዘሀራ ቦዩ ዳር ተቀምጠዋል። የማሳቸው በር እንደ ተደፈነ ነው። ቲማቲማቸው ከፀሐይ በፊት ቅጠሉን ጥቅልል አድርጎታል፤ ሌሊቱም አላነሳውም።

"እንደምን አደርሽ ሰዓዳ" አሉኝ።

"አልሐምዱሊላህ። እርስዎ እንዴት አደሩ?"

"ደኅና ነኝ። ከማል ነግሮኛል፣ የዛሬው ውሃ የሰዓዳ ነው ብሎ። ሳትመጭ በሩን ብከፍት ይቀየመኛል ብዬ ነው የጠበቅሁሽ።" ከዚያ ተነሱና በእኛ በር ያለውን የአፈር ጆንያ በሁለት እጃቸው ያዙት። "ይሄ ለብቻሽ ይከብድሻል። ላግዝሽ።"

ላግዝሽ አሉኝ! የራሳቸውን ውሃ ወደ እኔ ማሳ ለመመለስ ጆንያ ሊያነሱልኝ!

"ይተዉት!" ብዬ ጮህኩባቸው። ደነገጡ። "ለምን አይሰድቡኝም? ለምን ዶማ አያነሱብኝም? ምን ዓይነት ሰው ነዎት?"

"ምን በድየሽ ነው የምትጮኽብኝ ልጄ?" አሉኝ፣ ድምፃቸው ሳይጨምር።

ምንም አልበደሉኝም። ጆንያውን ከእጃቸው ነጠቅኩና መልሼ ጣልኩት፤ ሄጄ የእሳቸውን በር በዶማ ከፈትኩት። ውሃው ሲገባ ወደ ቲማቲሙ እየሮጡ መንገድ መንገዱን ያስይዙት ጀመር። ምርቃትም አልጠበቅኩም፣ አልመረቁኝምም። ውሃ ሲገኝ ለምርቃት ጊዜ የለም።

ከዚያ በቀጥታ ሐሙስ ያለፍኩት በር ገባሁ። ጋሼ ይመር ቁርስ ላይ ነበሩ። ከፖከሩ ጀምሬ እስከ ጆንያው ሁሉንም ነገርኳቸው። እንጀራውን እንደ ጠቀለሉ ያዳምጡኛል።

"ጨዋታውን ያመጣው ማን ነው?" አሉኝ። እንደጠበቅኩት።

"እኔ ነኝ።"

"ሐሙስ ዕለት በደጄ ስታልፊ አይቼሻለሁ። ያኔ ገብተሽ ቢሆን ኖሮ የሙሄን ሁለት ቅዳሜ በአንድ ቃል እመልስልሽ ነበር። የውሃ ሰዓት የመሬቱ ነው፣ መሬቱን ለሚያለማው። ማንም ቋጥሮት መቃሚያ ቤት አይሄድም። አንች ግን ቁጭ ብለሽ ስትጫወችበት፣ ይያዛል ብለሽ መሰከርሽለት።"

ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። በአንድ ቃል! ያን ሁሉ ሰዓት ስቆጥር፣ ስንቀጠቀጥ፣ የልጄን ዓመት ፍራሽ ላይ ስከምር፣ ነገሩ በአንድ ቃል የሚያልቅ ነበር።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ የቦዩን ሰው ሁሉ ሰበሰቡ። በሁሉም ፊት ደግሜ ተናገርኩ። ከማል ሳቀ። "ያሸነፈ ሰው ሲከስ ዛሬ ገና አየሁ" አለ። ጋሼ ይመር አልሳቁም። ከእንግዲህ የውሃ ሰዓት ያስያዘም የተቀበለም ተራው ይታገዳል አሉ። ለሦስታችን፣ ለከማል፣ ለሙሄና ለእኔ፣ ቅጣት ወሰኑ፤ ከላይ ከጠለፋው እስከ ታች የቦዩን ደለል ሁለት ቀን እንድንጠርግ።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ ተስተካከልን ብዬ ብጨርስ ደስ ይለኝ ነበር። ሙሄ ሦስት ወር ከመቃሚያ ቤት ቀረ፣ ከዚያ ተመለሰ፤ ካርታ ግን አይነካም፣ ወይም አልነካም ይለኛል። ከማል ሽንኩርታችንን አልጭንም ስላለ ራሳችን በኪራይ መኪና ወልድያ ወስደን፣ ልጃችን ከትምህርት ስትወጣ አብራን እየሸጠች ጨረስነው። እኔም ተለውጫለሁ ከተባለ የተለወጥኩት በአንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው ደረቱን ነፍቶ ያለኝን ሁሉ አስይዣለሁ ሲል ብሰማ፣ በፖለቲካም ይሁን በንግድ፣ በሠርግ ድግስም ይሁን፣ ያስያዝከው የማንን ነው? ብዬ ፊት ለፊት እጠይቃለሁ። ሰው አይወድልኝም። እናንተም ጠይቁ፤ አይወደድላችሁም። መጀመሪያ ግን ራሳችሁን ጠይቁ፤ እኔ መልሱን እያወቅኩ ነው "ልይህ" ያልኩት።

ያልነገርኳችሁ የደለሉ ቀን ነው። እሑድ ንጋት ሙሄና እኔ አካፋ ይዘን ቦዩ ውስጥ ገባን። ከማልን ጠበቅነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ አንድ ሰው አካፋ ተሸክሞ መጣ፤ እትዬ ዘሀራ ናቸው።

"ከማል ነው የላከኝ" አሉ። "ወልድያ የሚጫን ሽንኩርት አለኝ፣ በእኔ ፈንታ ጥረጊልኝ አለኝ። መሬቱን ይቀማኛል ብዬ እሽ አልሁት።"

ሙሄ አካፋውን ወርውሮ "ይሄን ሰውዬ ዛሬ እገድለዋለሁ!" እያለ ከቦዩ ወጣ። እኔ ከእሱ ብሼ ነበር፤ ከንዴቴ የተነሳ አለቀስኩ። እትዬ ዘሀራ ግን ወደ ቦዩ ወርደው ደለሉን መዛቅ ጀምረዋል። እየለመንኩ ብከለክላቸው እምቢ አሉኝ፤ ሙሄን "ጋሼ ይመርን ጥራልን" ብዬ ላክሁትና አጠገባቸው ቆሜ መዛቅ ያዝኩ።

ጥቂት እንደ ሄድን ቀና አሉና፣ "እስቲ ያን ጨዋታ ንገሪኝ" አሉኝ። "ሁለት ጊዜ ከተሸነፍሁበት አይቀር፣ ምን እንደሆነ ልወቀው።"

ነገርኳቸው። አምስት አምስት ካርታ ይታደላል አልኩ። አንድ አንድ ፍሬ ይቀመጣል፣ ያልተመቸውን መቀየር ይቻላል፣ የፈራ ይሸሻል፣ የደፈረ ይገጥማል። አካፋቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"እኔ ግን ካርታ አልታደለኝም እኮ" አሉኝ።

አካፋዬን ደለሉ ውስጥ ሰካሁት።